«ድምፅ አለው» ማለት ስለማይበቃበት ጉዳይ፦ በመኪና ጥገና የብልሽት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የቴክኒክ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ለዕቃዎች ስም ብዙ ይታሰባል፤ ለብልሽት ምልክቶች ስም ግን እምብዛም አይታሰብም። ዕድሜው በገፋ መኪና ውስጥ ከዳሽቦርዱ፣ ከበሩ የውስጥ ልባስና ከመቀመጫው ሥር የሚሰማውን ሁሉ «ድምፅ» ወይም «ጩኸት» እያሉ መተርጐም የዚህ ጉድለት ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

የእንግሊዝኛው የምሕንድስና ቋንቋ በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይጠራል፤ እነርሱም «ስኲክ»፣ «ራትል» እና «በዝ» ናቸው። ልዩነታቸው በጆሮ ከሚሰማው አልፎ ከምክንያታቸው ይመነጫል። የመጀመሪያው ሁለት የተነካኩ ገጾች እየተያያዙና እየተላቀቁ ሲፋተጉ የሚፈጠር የሰበቃ ውጤት ነው። ሁለተኛው በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው አካላት ሲጋጩ ይሰማል። ሦስተኛው ስስ ላሜራ ወይም የፕላስቲክ ልባስ ከሞተሩ ወይም ከመንገዱ በሚደርሰው ንዝረት ሲርገበገብ ይወጣል።

ምክንያታቸው ስለሚለያይ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ለሰበቃው በገጾቹ መካከል የሱፍ ጨርቅ ማስገባት ወይም ፕላስቲክ የማይጐዳ ማለስለሻ መቀባት ይበጃል። ለግጭቱ የላላውን ብሎን ማጥበቅ፣ ፀሐይና ዕድሜ አድርቀው የሰበሩትን የፕላስቲክ መያዣ መለወጥ ያስፈልጋል። ለርግብግቢቱ ደግሞ ከልባሱ ጀርባ ንዝረት የሚውጥ ንጣፍ ይለጠፋል። እንግዲህ ሦስቱን በአንድ «ድምፅ» የጠቀለለ ተርጓሚ፣ መጥበቅ የሚገባውን ብሎን ቅባት ሊያስቀባ ይችላል ማለት ነው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። በር ሲጥ ይላል፤ የላላ ዕቃ ይንቋቋል፤ ዝንብ ጢዝ ይላል። ከእነዚህ ድምፅ አስመሳይ ቃላት ስም የማውጫው መንገድም በቋንቋው ውስጥ የተደላደለ ነው፤ ኳኳታ፣ ጫጫታ፣ ሿሿታ የሚሉት በ«-ታ» የሚያበቁ ስሞች ምስክር ናቸው። ስለዚህ የሚከተሉት እንዲመረመሩ ይቀርባሉ፤

ሀ/ ሲጥታ፦ በሰበቃ ለሚመጣው፤
ለ/ ቋቋታ፦ በላሉ አካላት ግጭት ለሚመጣው፤
ሐ/ ጢዝታ፦ በስስ ልባስ ርግብግቢት ለሚመጣው።

«መንገጫገጭ» ከዚህ ዝርዝር ሊገባ አይገባም። ቃሉ መኪናው ራሱ በኮረኮንች ላይ ሲናጥ የሚነገር በመሆኑ፣ የሰማው መካኒክ ዳሽቦርዱን ትቶ ሞላውንና ባሌስትራውን ይመረምራል።

እንደነዚህ ባሉት ቃላት ላይ ሊሰነዘር የሚችለው አንዱ ተቃውሞ የጨዋታና የልጆች ቋንቋ ናቸው የሚል ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኞቹ ሦስት ቃላትም ድምፅ አስመሳይ ናቸው፤ ይህም ለምሕንድስና ከማገልገል አላገዳቸውም። ለሙያ ስያሜ ዋናው ጉዳይ የትርጉሙ ወሰን ጥራት ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የአሻሚነት ነው፤ «ሲጥ አለ» ለታነቀ ሰውም ይነገራል፤ «ተንቋቋ» የሚለውም ከመኪና ውጭ ሰፊ አገልግሎት አለው። ለዚህ ማረሚያው ብያኔው ነው። ብያኔው ድምፁን በመግለጽ ሳይወሰን መንሥኤውን ጭምር መናገር አለበት።

እነዚህ ስያሜዎች ከመጽደቃቸው በፊት በጋራዥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ቀርበው፣ ድምፁን እያሰሙ ስሙን በማስጠራት ሊፈተኑ ይገባል። ሦስቱን የማይለይ ሰሚ ከበዛ፣ ስያሜዎቹ እንደገና እንዲታዩ ወደ አቅራቢያቸው ይመለሱ።