ስለ ኬቪን አርኖልድ ልጅነትና ስለ ተመልካቾቹ ናፍቆት

በአሜሪካ አገር «ዘ ወንደር ይርስ» የተባለ፥ ትርጓሜውም «የመደነቅ ዓመታት» የሆነ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነበረ። የፈጠሩት ኒል ማርለንስና ካሮል ብላክ ናቸው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. በኤቢሲ ጣቢያ መታየት ጀምሮ በ1993 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ክፍሎቹም 115 ናቸው። (ከዚህ በታች የምንጠራው ዘመን ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ነው።) በዚያን ጊዜ ልጆች ሆነው ያዩት ሰዎች ዛሬ ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግተዋል፤ ስሙ በተነሣ ቍጥር ልባቸው ይባባል፤ ስለ ጣፋጭነቱም አብዝተው ይናገራሉ። እኛ ግን ሥራውን ስንመረምረው ጣፋጭ ሆኖ አላገኘነውም፤ ከብጤዎቹ የሚበልጠውም በዚሁ ነው።

ታሪኩ በ1968 ዓ.ም. ይጀምራል። ኬቪን አርኖልድ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ስሙ ባልተገለጸ የከተማ ዳር መንደር ከወላጆቹ፥ ከእኅቱና ከወንድሙ ጋራ ይኖራል። ፖል የሚባል ባልንጀራ፥ ዊኒ ኩፐር የምትባል ጎረቤት አለችው። ገና በመጀመሪያው ክፍል የዊኒ ታላቅ ወንድም በቬትናም ጦርነት መሞቱ ይሰማል፤ ልጁና ልጅቱም በዱሩ ውስጥ ተቀምጠው የማጽናኛ ቃል ቢያጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሳሳማሉ። ስለ መሳሙ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ ሟቹ ወጣት የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ናፍቆት እንዲህ መራጭ ነውና።

የድራማው ጥበብ በአተራረኩ ላይ ነው። በዓይናችን የምናየው ልጁን ነው፤ በጆሯችን የምንሰማው ግን ጎልምሶ ያለፈውን የሚተርከውን ያንኑ ሰው ነው። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ፍሬድ ሳቬጅ ሲሆን የተራኪው ድምፅ የዳንኤል ስተርን ነው። ልጁ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ተራኪው ያውቃል፥ ሊያርመው ግን አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጸጸት ነው። እርግጥ ነው፥ ተራኪው ሥዕሉ ያሳየንን ደግሞ በቃል የሚነግርበት ስፍራ አለ፤ ይህም ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁን አውጥቶ እንደሚያሳይ ባለቅኔ ያደርገዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ይህ ነውር በዝቷል።

በ1990 ዓ.ም. ከታዩት ክፍሎች አንዱ ግን ከነውር የጠራ ነው። ኬቪን በሒሳብ ትምህርት ደካማ ነው። መምህሩ ኮሊንስ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለብቻው ያስጠኑት ጀመር። ልጁም ተስፋ አደረገ፤ መምህሩንም እንደ ወዳጅ ቈጠራቸው። ፈተናው ሲቃረብ መምህሩ ምክንያቱን ሳይገልጹ ማስጠናቱን ተዉ፤ ወዳጅ ሳይሆኑ መምህር መሆናቸውንም ነገሩት። ልጁ ተቈጥቶ በፈተናው ወረቀት ላይ የማላገጫ መልስ ሞልቶ ሰጠ። በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ቢመለስ መምህሩ ሞተዋል፤ ለካ ታመው ኖሯል። የተበላሸው ወረቀት ጠፍቷል ተብሎ ሌላ ባዶ ወረቀት ተሰጠው፤ ልጁም ብቻውን ተቀምጦ እንደ ተማረው ሠራው። ለማን ብሎ እንደ ሠራው መናገር አያስፈልግም። የኔታውን ሳያመሰግን ከጉባኤ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እኛም አዙረናል።

እንዲሁም ስለ አባቱ የሚናገር ክፍል አለ። ጃክ አርኖልድ ከሥራ ሲመለሱ ቤቱ ሁሉ ይፈራቸዋል። ልጁ አንድ ቀን ወደ ቢሯቸው አብሯቸው ሄዶ አባቱ በወጣትነታቸው የመርከብ አዛዥ ሆነው በከዋክብት ምልክት ባሕር ለመሻገር ይመኙ እንደ ነበረ ይሰማል፤ የአለቃቸውንም ቍጣ ሲሸከሙ ያያል።

አሁን ወደ ተመልካቾቹ እንመለስ። ድራማው በ1988 ዓ.ም. ሲጀምር ወላጆች ከ20 ዓመት በፊት ያለፈውን የራሳቸውን ዘመን ያዩበት ነበር። ልጆቻቸው ግን አብረው ተቀምጠው ያልኖሩበትን ዘመን እንደ ራሳቸው ወረሱ። ስለዚህ የዛሬው ናፍቆት ድርብ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅነት ሲታይ ያለፈ ልጅነት ይናፈቃል።

ይህ ናፍቆት ግን ሐሰት ነው አንልም፤ የዘፈኖቹ ነገር ይመሰክራልና። በድራማው ውስጥ የዚያ ዘመን ዘፈኖች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ፥ ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ፥ ሙሉው ሥራ በዲቪዲ እስከ 2014 ዓ.ም. ሳይወጣ ቈየ። ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. በኢንተርኔት ሲታይ ጆ ኮከር የዘፈነው የመክፈቻ ዘፈን በሌላ ሰው ድምፅ ተለውጦ ነበር። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማውም ያው ነው፤ ተመልካቾቹ ግን አዘኑ። በማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ኀዘን አይንቅም።

በ2021 ዓ.ም. በዚሁ ስም ሌላ ድራማ ተሠርቶ እስከ 2023 ዓ.ም. ታየ። እርሱም በ1968 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ቤተ ሰቡ ግን በአላባማ፥ በሞንትጎመሪ ከተማ የሚኖሩ ጥቍር አሜሪካውያን ናቸው፤ በመጀመሪያው ክፍል የማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል ይሰማል። አንዳንዶች ትዝታችንን ነካብን ቢሉ አንስማማም፤ ዓመቱ የአንድ መንደር ልጆች ብቻ አልነበረምና።

የፊተኛው ድራማ ፍጻሜ በ1973 ዓ.ም. በክረምት ነው። ኬቪንና ዊኒ አይጋቡም፤ እርስዋ ወደ ፓሪስ ትሄዳለች፥ ለስምንት ዓመት ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ በመጨረሻም እርሱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይቀበላታል። አባቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሞታሉ፤ ይህንም ተራኪው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮት ያልፋል። ከዚያ በኋላ የትንሽ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ አባቱን ኳስ እንጫወት እያለ ይጠራል፤ ተራኪውም መጣሁ ይለዋል።