ኬብሉን ነቅሎ መጫን

ሁለት ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጫንልኝ የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማነሳው ፍላሽ ሳይሆን ካቻቪቴ ነው። ኬዙን እከፍትና ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ዳታ ኬብል እነቅላለሁ። «እሱ እኮ ደህና ነው!» ይሉኛል። ደህና ስለሆነ ነው የምነቅለው።

ይህን ልማድ ያስያዘኝ የራሴ ስንፍና ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ዴስክቶፓቸውን ከልጃቸው ጋር ይጋራሉ። የእሳቸው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ልጁ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሚማር ኡቡንቱ ፈለገ። አዲስ ኤስኤስዲ ገዝተው መጡ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሳልነቅል ኡቡንቱን አዲሱ ላይ ጫንኩት፤ ሁለቱም ተከፈቱ፤ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ከወራት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሞተ። ፒችትሪው ባክአፕ ነበረው፣ ተመስገን። ግን ጤነኛው ኤስኤስዲም አብሮ አልነሣም አለ።

«ጋሼ፣ የእማዬ ዲስክ ቢበላሽ የኔን ምን ነካው?» አለኝ ልጁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሚያኮራ ግን አልነበረም።

ዩኢኤፍአይ ያለው ማዘርቦርድ ሲበራ ኢኤፍአይ የሚባል፣ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ትንሽ ፓርቲሽን ይፈልጋል። ሲስተሙን የሚቀሰቅሰው ፋይል ያለው እዚያ ነው። አዲስ ሲስተም ሲጫን ታዲያ እንዲህ ያለ ፓርቲሽን ሌላኛው ዲስክ ላይ ተዘጋጅቶ ካገኘ፣ ፋይሉን እዚያው ሊያስቀምጥ ይችላል። ያን ቀን የሆነው ይኸው ነው፤ የልጁ ኡቡንቱ በሙሉ ኤስኤስዲው ላይ ነበር፣ መነሻው ግን እናቱ ዲስክ ላይ። ዊንዶውስ ከኋላ ሲጫንም ያው ነው።

ስለዚህ አንዱ ሲጫን ሌላው መታየት የለበትም። ላፕቶፕ ላይ ያለው ኤንቪኤምኢ እንኳ አንዲት ብሎን ነው የሚይዘው። ሁለቱም ካለቁ በኋላ መልሼ እሰካለሁ፤ ሌላውን የፈለገ ሲያበራ ኤፍ12 ወይም ኤፍ11 ይጫናል፣ እንደ ማዘርቦርዱ። ሁሉንም ሲስተም በሚያስመርጠው በግሩብ ዝርዝር ማየት የሚያምራቸው አሉ። እኔ ዲስኮቹ ባይተዋወቁ እመርጣለሁ።

ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋለሁ፤ ካልጠፋ ማሽኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፣ ኡቡንቱም ፋይሎቹን ከማንበብ በቀር ላይነካቸው ይችላል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ሳላይ ካቻቪቴዬን አላነሳም።

ሰዓቱ ይቀራል። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ይላል፤ ኡቡንቱ ግን ዩቲሲ። አዲስ አበባ 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ኡቡንቱ ከተሠራበት በኋላ ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለእናትና ልጁ ድጋሚ ስጭን ይህን ማስተካከሉን ረሳሁት። እሳቸው ልጁ በፈረንጅ አቆጣጠር ያደረገው መስሏቸው 6 እየቀነሱ ሊያነቡት ሞከሩ፤ አልገጠመም። በመጨረሻ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር የሚቆጥረው የየት አገር ሰዓት ነው?»