የሲኒማ ሰይፍ ሳይቈርጥ እንዴት እንደሚያሳምን

በሲኒማ የሚታይ ውጊያ ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንደኛው ተመልካቹ እውነት ነው ብሎ እንዲቀበለው፣ ሁለተኛውም ተጫዋቹ ማታ በደኅና ወደ ቤቱ እንዲገባ ነው። ብዙ ሰዎች ግን እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላቸዋል። ጥንቃቄ ሲበዛ ውጊያው የልጆች ጨዋታ ይሆናል፤ እውነት እንዲመስል ከተፈለገ ግን ጥቂት ደም መፍሰሱ አይቀርም ይላሉ። ስለዚህም አንድ ተጫዋች በእውነት ተመታ፣ አጥንቱም ተሰበረ የተባለ እንደ ሆነ፣ ይህን ለሥራው እንደ ምስጋና ቈጥረው ያወሩለታል። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት የጃፓኑ የሲኒማ አዘጋጅ የአኪራ ኩሮሳዋ ሥራዎች መልካም ምስክር ናቸው፤ እርሱ ሁለቱንም መንገድ ሄዶ ያሳየ ሰው ነውና።

“ሰባቱ ሳሙራዮች” የተባለው ፊልሙ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚህ በታች የሚጠራውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ፊልሙ 207 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሽፍቶች እህላቸውን እየዘረፉ ያስቸገሯቸው ገበሬዎች ጌታ የሌላቸውን ሰባት ጐራዴኞች በምግብ ብቻ ቀጥረው መንደራቸውን እንዴት እንዳስጠበቁ ይናገራል።

በመጀመሪያው ክፍል አንድ ሌባ ሕፃን ይዞ ጎጆ ውስጥ ይሸሸጋል። ካምቤይ የተባለው አንጋፋ ጐራዴኛ ራሱን ተላጭቶ፣ የመነኵሴ ልብስ ለብሶ፣ ምግብ ያመጣ መስሎ ወደ ጎጆው ይቀርብና በድንገት ዘሎ ይገባል። በውስጥ የሆነውን ተመልካቹ አያይም። ጥቂት ቈይቶ ሌባው ወደ ውጭ ይወጣና፣ ካሜራው ጊዜውን እያዘገየ፣ ሰውዬው ቀስ ብሎ ሲወድቅ ያሳያል። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ግን በተለመደው ፍጥነታቸው ይታያሉ። በዚህ ትርኢት ስለት ሰውነት ሲነካ አይታይም፤ የተሰነዘረ ምትም የለም። ሆኖም ሌባው መሞቱን የሚጠራጠር ተመልካች የለም። ምቱን እውነት ያደረገው የመቺው ክንድ ሳይሆን የተመቺው አወዳደቅና ያዩት ሰዎች ድንጋጤ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኪዩዞ የተባለው ጐራዴኛ የሚገጥመው ግጥሚያ ነው። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ስለት በሌለው ዘንግ ይገጥማሉ። ባለጋራው እኩል ለእኩል ወጣን ሲል፣ ኪዩዞ ግን በእውነተኛ ጐራዴ ቢሆን ኖሮ ተሸናፊው እንደሚሞት ይነግረዋል። ሰውዬው ተቈጥቶ ጐራዴ ይመዛል፤ ያው ግጥሚያ ይደገማል፤ እርሱም ይወድቃል። አዘጋጁ በመጀመሪያው ግጥሚያ ለተመልካቹ ፊደል አስቈጠረው፤ በሁለተኛው ግን እንዲያነብ አደረገው። በቅኔም ቢሆን ሰሙን በሚገባ ያልሰማ ሰው ወደ ወርቁ አይደርስም። ጐራዴ እንደ መብረቅ ቢወራጭ፣ ተመልካቹ ማን የት እንደ ቆመና ምን እንዳሰበ ካላወቀ፣ የሚያየው ውጊያ ሳይሆን ግርግር ነው። የኪዩዞ ግጥሚያ ግን ብዙው ክፍል ጸጥታና መጠበቅ ሲሆን፣ ምቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለዚህ ፊልም ተጫዋቾች የጐራዴን አያያዝ ያስተማረው ዮሺዮ ሱጊኖ ካቶሪ ሺንቶ ሪዩ ከሚባለው ጥንታዊ የጃፓን የጐራዴ ትምህርት የወጣ መምህር ነበረ። ለማስመሰል ሥራ እውነተኛ መምህር መፈለጉ ትርፍ አይደለም። እውነተኛው ምት የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው፣ ምቱን በስንዝር አሳልፎ እንዳልሳተ ማስመሰልንም ያውቃል። የማያውቅ ሰው ግን ወይ ባልንጀራውን ያቈስላል፣ ወይም ከፍርሃት የተነሣ በጣም ርቆ ይሰነዝርና ተመልካቹን ያስቃል።

ይህ ብልሃት በጡጫም ላይ ያው ነው። በአሜሪካ በ1930ዎቹ ዓመታት ያኪማ ካነት የተባለው የፈረስና የውጊያ ባለሙያ ከተጫዋቹ ከጆን ዌይን ጋር ሆኖ የአመታትን ሥርዐት እንዳሻሻለ ይነገርለታል። ጡጫው በተመቺው ፊት አጠገብ ያልፋል፤ ካሜራውም በመካከል ያለው ባዶ ቦታ በማይታይበት ማዕዘን ይቆማል፤ ተመቺው በልኩ ጊዜ ራሱን ይወረውራል፤ ድምፁም በኋላ ይጨመራል። ሌላውም ደንብ ከዚህ ይከተላል። ጠጕር ሲጐተት ወይም አንገት ሲታነቅ እንቅስቃሴውን የሚመራው የሚጐተተውና የሚታነቀው ነው፤ ያኛው እጁን አስቀምጦ ይከተለዋል እንጂ አይስብም። ልምምዱ መጀመሪያ በዝግታ ይደረግና ፍጥነቱ በየጥቂቱ ይጨመራል፤ በቀረጻ ቀን ከተለማመዱት በላይ መፍጠን ክልክል ነው። በዚህ ሁሉ ደካማ የሚመስለው ሰው የሥራው ጌታ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ተጫዋቹን ከጕዳት የሚጠብቀው ደንብና ተመልካቹን የሚያሳምነው ደንብ አንድ ነው።

ኩሮሳዋ በፊልሙ መጨረሻ በዝናብና በጭቃ ውስጥ የሚደረገውን ታላቅ ውጊያ ሲያነሣ፣ በአንድ ጊዜ በብዙ ካሜራና ሩቁን በሚያቀርብ ሌንስ ተጠቀመ። ይህ ዐይነቱ ሌንስ በፊትና በኋላ ያሉትን ነገሮች አንድ ላይ የተጣበቁ ያስመስላቸዋል። ከፈረሱ ርቆ የሚሮጠው ሰው ከኮቴው ሥር ያለ ይመስላል። እዚህም ላይ ሰውን ከፈረስ የሚያድነው ርቀት ሥዕሉን አላደከመውም፤ ሌንሱ ርቀቱን ይሸሽገዋልና።

ተቃዋሚ ግን የራሱን የኩሮሳዋን ሥራ ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል። ከሼክስፒር “ማክቤዝ” ተወስዶ በ1957 በወጣው “የደም ዙፋን” በተባለው ፊልም መጨረሻ፣ ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ጨካኝ መስፍን በገዛ ወታደሮቹ ፍላጻ ይገደላል። ለዚህም ትርኢት የሠለጠኑ ቀስተኞች እውነተኛ ፍላጻ በተጫዋቹ ዙሪያ ባለው ሳንቃ ላይ እንደ ወረወሩ የታወቀ ነው። በሚፉኔ ፊት ላይ የሚታየው ፍርሃት እውነተኛ ስለ ሆነ ነው ትርኢቱ የገነነው ይባላል። ትርኢቱ ታላቅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ተመልካች ሁሉ ከዚያ ትርኢት የማይረሳው የመጨረሻውን ፍላጻ ነው፤ ይኸውም የመስፍኑን አንገት ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን የሚወጋው ነው። ያ ፍላጻ እውነተኛ ሊሆን አይችልም፤ ሚፉኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ ብዙ ፊልም ሠርቷልና። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው በብልሃት የተሠራው ከሆነ፣ የቀሩት ፍላጻዎች ያመጡት አደጋ ለምን አስፈለገ? ፍርሃትን በፊቱ ለማሳየት እውነተኛ ፍላጻ የሚያስፈልገው ተጫዋች ቢኖር፣ ችሎታው ጐደሎ ነው ማለት ነው፤ ሚፉኔ ደግሞ እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም።

“ሰባቱ ሳሙራዮች” ስለ ጦር መሣሪያም ሌላ ነገር ያስተምራል። ከሰባቱ የሞቱት አራቱ ሁሉ የወደቁት በጐራዴ ሳይሆን በጠመንጃ ነው፤ የጐራዴው ሊቅ ኪዩዞ እንኳ በጥይት ይሞታል። በታሪኩ ውስጥ የክንድን ጥበብ ከንቱ ያደረገው ጠመንጃ፣ በቀረጻ ቦታም የልምምድን ጥበብ ከንቱ ያደርጋል። በጐራዴ ሁለቱ ተጫዋቾች እየተያዩ ርቀታቸውን ይጠብቃሉ። በጥይት ግን ደኅንነቱ የሚገኘው መሣሪያውን አስቀድሞ ከሚመረምረው ሰው ነው። በ1993 ብራንደን ሊ የተባለው የ28 ዓመት ተጫዋች “ዘ ክሮው” የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሞተ። ለማስመሰል ከተሠራ ጥይት የወጣ እርሳስ በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ፣ በኋላ ባሩድ ብቻ ያለበት ጥይት ሲተኰስበት እርሳሱን ገፍቶ አስወጣው። በ2021 ደግሞ በኒው ሜክሲኮ “ረስት” የተባለው ፊልም ሲዘጋጅ፣ በሽጉጥ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ተገደለች። የመሣሪያ ኀላፊ የነበረችውንም ሴት ፍርድ ቤት በ2024 ያለ ዐሳብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላት። ከእነዚህ ሁለት ሞቶች አንዱ እንኳ ለሥዕሉ እውነት የጨመረው ነገር የለም።

ስለዚህ ስለ ሲኒማ የሚጽፉ ሰዎች ውጊያን ሲመዝኑ፣ ማን እንደ ቈሰለ መጠየቁን ይተዉ። ተፋላሚዎቹ ስለ ምን እንደሚጣሉ ይታወቃልን? እያንዳንዱ ምት ነገሩን ወደ ፊት ያራምዳልን? ተመልካቹ የቆሙበትን ስፍራ ያውቃልን? የተመታውስ ሰው ምቱን በመላ ሰውነቱ ተቀብሎታልን? ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። ቍስልን የሚያመሰግን ጸሐፊ ለሚቀጥለው ሠሪ ቍስል እንዲፈልግ ይመክረዋል። በኩሮሳዋ ጎጆ በር ላይ የወደቀው ሌባ ግን ምንም ሳይነካው ይኸው ከ70 ዓመት በላይ ያየውን ሁሉ ሲያሳምን ይኖራል።