የተቃጠለውን ሸራ ስጡኝ

«ጋሼ፣ ከሁሉም የማያልቀው ፍሪሲዮን የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ልጅ። ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ግን ጥርት ያለ የሀገራችን ልጅ ነው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሰባተኛ ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ገዛ፤ የሞተሩን ሶፍትዌር አስቀየረ፤ ዓመት ሳይሞላው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። አንድ የእሽቅድምድም ዕቃ የሚሸጥ ጋራዥ ደግሞ «የፋብሪካውን ጣለውና ባለ ብረት ቁራጩን ግጠም፤ ለሁልጊዜው ትገላገላለህ» ብሎታል።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሮጌው የፍሪሲዮን ሸራ የታለ? ገና መኪናው ውስጥ ነበር። እንግዲያው ሳናወርደውና ሳናየው ስለ አዲሱ አናወራም አልኩት።

በዚህ ነገር ግትር ነኝ። አሮጌው ሸራ ሳይታይ አዲስ አይገጠምም እያልኩ ከደንበኛም ከባልደረባም ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ይወርዳል፣ አሮጌው ወጥቶ ብረት መጣያ ውስጥ ይወረወራል፣ አዲሱ ከካርቶኑ ወጥቶ ይገጠማል። የሚከፈለው በተቆረጠ ሰዓት ስለሆነ፣ ቆሞ ሸራ የሚያገላብጥ መካኒክ ሥራ እንደፈታ ይቆጠራል። ከዚያ ያው መኪና፣ ያው ሕመም ይዞ ይመለሳል፤ ጥፋቱም የዕቃው ነው ይባላል።

ሸራ ግን እንዴት እንዳለቀ ይናገራል። ገጹ ተወልውሎ ካብረቀረቀ ብዙ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሲንሸራተት ኖሯል ማለት ነው፤ ወይ ነጂው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ይነዳል፣ ወይ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ወይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየገፋው ነው። ሸራው የሚጫንበት የሞተሩ ቮላኖ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካየሁ በአጭር ጊዜ የመጣ ከባድ ሙቀት ነው። ሸራው ዘይት ከጠጣ ጥፋቱን ዘይት የሚያግደው ፓራኦሊዮ ዘንድ እፈልጋለሁ። አንዱ ፊት አልቆ ሌላው ደህና ከሆነ ሸራው የካምቢዮው ዘንግ ላይ በነፃነት አይንሸራሸርም። የመሐሉ ሞላዎች ከተሰበሩ ፔዳሉን በድንገት የሚለቅ እግር አለ።

የልጁን ካምቢዮ አወረድን። የሸራው ውፍረት ገና ብዙ የሚያስኬድ ነበር፤ ገጹ ግን አብረቅርቋል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ይህ ልጅ መብራት ላይ ጎማ እያስጮኸ የሚነሣ ልጅ አይደለም። ያን ሳይጠየቅ አወቅሁለት፤ እሱም ደስ አለው። የዚያ ሞተር የፋብሪካ ጉልበት 350 ኒውተን ሜትር ነው፤ አዲሱ ሶፍትዌር ከዚያ በላይ፣ ያውም በዝቅተኛ ዙር ጨምሮበታል። እሱ ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ ስድስተኛ ማርሽ ውስጥ እንዳለ፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ፍሪሲዮን የሚይዘው በተጫነበት ኃይል፣ በሸራው ጠባይ፣ ገጹ ከመሐሉ ባለው ርቀትና በሁለቱ ፊቶቹ ልክ ነው። ሶፍትዌር ከእነዚህ አንዱንም አይጨምርም። ስለዚህ ሸራውን የሚጫነው ሳህን የተሻለ ጫና ያለው፣ ሸራው ግን እንደ ፋብሪካው ሙሉና ለስላሳ የሆነውን ገጠምኩለት። የቮላኖውን ልቅነት ለካሁ፤ ባለ ሁለት ክብደት ስለሆነ ቶርኖ ቤት አልላክሁትም። 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ በዝግታ እያቆመና እየተነሣ ሸራውን እንዲያላምደው፣ ከዚያ በኋላም ስድስተኛ ላይ ከመርገጡ በፊት ማርሽ እንዲያወርድ ነገርኩት።

ባለ ብረት ቁራጩን ሸራ ለምን ጠላኸው ይሉኛል። በቦታው አልጠላውም፤ ለእሽቅድምድም ሜዳ ነው የተሠራው። ሙቀት ይችላል፣ ሲይዝም በአንድ ጊዜ ነው የሚይዘው። ችግሩም እሱ ነው። ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው መንገድ ላይ በጠዋት ሰልፍ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሰው መኪናው እንዳይዘልበት ነዳጅ ጨምሮ ፍሪሲዮኑን ማንሸራተት ይለምዳል። ቁራጩ ብረትም ቮላኖውን ይበላዋል። እንዳያልቅ ተብሎ የተገዛው ዕቃ ሌላውን ያስጨርሳል። በብዙ የእጅ ማርሽ ቢኤምደብሊው ላይ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ዘይት መመለስ የምታዘገይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ነጂው እግሩን ቶሎ ቢያነሣም ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ ይይዛል። ያንን ሳያውቅ ከባድ ፍሪሲዮን የሚገጥም መካኒክ አጋጥሞኛል።

ከቆመበት በኃይል ስለሚነሣ ሰው አንድ ነገር ልበል፤ ጀማሪዎች ሲሰሙት ይደነግጣሉና። ሜዳ ላይ ሞተሩን በማይለዋወጥ ዙር ይዞ ፍሪሲዮኑን የሚለቅ ሰው በ2,500 ዙር ፈንታ በ5,000 ቢነሣ፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ዙሩ እጥፍ፣ ሙቀቱ አራት እጥፍ። ሰማያዊው ነጠብጣብ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ የትኛውም ካርቶን ላይ የተጻፈ ስም ይህንን አይለውጠውም።

አንድ ጊዜ ሆንዳ ኤስ 2000 የሚነዳ ሰው ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ሜዳ ውሎ መጣ። ሸራው ተበታትኗል፤ ዕቃው ብልሹ ነው፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ባይ ነው። ሸራውን ሳየው የቃጠሎ ምልክት የለበትም። ጠርዙ ተገንጥሎ በሯል፣ የቀረው ንጹሕ ነው። «ከሦስት ወደ አራት ስትል ሁለት ገብቶብህ ነበር?» አልኩት። ዝም አለና አስታወሰ። ማርሹ ሲገባ እግሩ ገና ፔዳሉ ላይ ስለነበር ሞተሩ ተርፏል፤ ሸራው ግን ከካምቢዮው ጋር ስለሚዞር ብቻውን ከ11,000 ዙር በላይ ተሽከረከረ። ያ ሞተር ራሱ 9,000 ነው ጣሪያው። ሰውየው የገንዘቡን ነገር ተወው፤ እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው።

ይህን ማየት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ላዳ ታክሲ ሥር ተኝቼ ነው። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ መንገድ ሲዘጋ የእጅ ፍሬን የሚስብ ሹፌር ብርቅ ነበር፤ አብዛኛው መኪናውን በፍሪሲዮን ነው አንጠልጥሎ የሚይዘው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ የካርቡሬተር ሞተር ጉልበት ያንሰዋል። ሹፌሩ ያንን ለማካካስ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሸራው ይነዳል። ያሠለጠነኝ መካኒክ አሮጌውን ሸራ አውጥቶ በመጀመሪያ እኔ እጅ ላይ ያስቀምጠዋል። «ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚሠራው?» ይለኛል። ከሰል የሆነ ሸራ የዳገት ሰው ነው፤ ስስና እኩል ያለቀ የቦሌ ሜዳ ሰው ነው። እስክመልስ ድረስ ሸራውን አይቀበለኝም፤ ደንበኛው ቢጠብቅም ይጠብቅ።

ወደ አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛዬ ሰው የሚያሳምን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ ፊት ብዙ መናገር ስለማልችል አሮጌውን ሸራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና በጣቴ አሳያቸው ነበር፤ እዚህ ተቃጥሏል፣ እዚህ ዘይት አለ፣ ይህ ሞላ ተሰብሯል። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። ያኔ ነው መካኒክነቴ ባሕር መሻገሩን ያመንኩት። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ሥራ ነው፤ በሰው ሀገር አንገቴን ቀና ያደረግሁትም በዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት መካኒክ ሸራ ሲወረውር ሳይ አሁንም ያመኛል፤ እሄድና አነሣዋለሁ።

የእጅ ማርሽ እየቀረ ነው፣ ይህ ዕውቀት ለማን ይሆናል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የእጅ ማርሽ ያለው ጂቲአይ የመጨረሻው የ2024 ሞዴል ነው። ነገር ግን በልጁ መኪና ዘመን የነበረው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ማርሽም ሸራ አለው፤ ዘይት ውስጥ የተዘፈቀ ነው እንጂ። ዘይቱና ማጣሪያው በብዙዎቹ ላይ በየ40,000 ማይሉ ይቀየራል። አሁን የወጣውን ማጣሪያ እየቆረጥኩ እዘረጋዋለሁ፣ የሸራ ዱቄቱን ከብረቱ እለያለሁ፣ የማይሉን ቁጥርና የነጂውን ጠባይ ጽፌ በላስቲክ ከረጢት አስቀምጣለሁ። ከረጢቶቹ መደርደሪያውን ስለሞሉት፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሌላ እየሠሩልኝ ነው።