ስለ ባህል ሕክምና በተጻፉ መጻሕፍት ላይ አስተያየት፤ ከደጎሎ አንጻር

ስለ ኢትዮጵያ የባህል ሕክምና ከጻፉት የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በግንባር ቀደም ይጠቀሳሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ያሳተሙት «የኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፅዋት» በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትን ያቀርባል፤ በ1973 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ስለ ዕፅዋት ስምና አገልግሎት ነው። ድካማቸውን እናደንቃለን። ይሁን እንጂ የጃማ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከደጎሎ ተነሥቶ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ በሚኖርበት አገር፣ በሽተኛው ከሚያውቀው ሕክምና ትልቁ ክፍል «የኢትዮጵያ» ከተባለው መጽሐፍ ቀርቷል እንላለን።

ምክንያቱ ፊደል ይመስለናል። በብራና ላይ በግዕዝ የሰፈረው የደብተራው ዕውቀት «ሕክምና» ተባለ፤ በዐረብኛ ወይም በዐጀም፣ ማለት አማርኛው በዐረብ ፊደል ተጽፎ፣ አለዚያም በሼሁ ቃል ብቻ የሚተላለፈው ግን «ሃይማኖት» ተብሎ ለሌላ ተመራማሪ ተተወ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዐጀም መግጠማቸውን የሚያውቅ ሰው፣ የወሎ ሙስሊም ያለ ጽሕፈት ኖረ ሊል አይችልም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1990 ስለ ሕክምና ታሪካችን የጻፉት መጽሐፍ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የምናየው በባሕር ማዶ ተጓዦች ዓይን ነው። ሁሴን አሕመድ በ2001 ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ ሼሆቹንና የዚያራ ቦታዎቹን አስተዋውቀውናል፤ ዓላማቸው ሌላ ስለ ነበረ የበሽተኛው ጉዳይ ለተከታዮቻቸው ቀርቷል።

ዋግምትን እንመልከት። ዐረቡ «ሒጃማ» ይለዋል፤ የእኛ «አገመ» ከዐረቡ «ሐጀመ» ጋር ያለው ዝምድና ለጆሮ ይሰማል። ላዩን ላየው ሰው በቀንድ ደም መሳብ ነው። በእስላሙ ዓለም የሕክምና መጻሕፍት ግን ከበስተጀርባው ከሂፖክራጥስና ከጋሌን የተወረሰ፣ ኢብን ሲናም በ1025 ገደማ በፈጸሙት «ቃኑን» ያደራጁት ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ጤና የደም፣ የአክታ፣ የቢጫና የጥቁር ሐሞት ሚዛን ነው፤ አየሩ፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ እንቅስቃሴው፣ የልብ ሐዘንና ደስታም ካልተስተካከሉ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። የደጎሎ ገበሬ ኢብን ሲናን አንብቧል አንልም። ነገር ግን ወዳጃ ተቀምጦ ቡናው ሲፈላ፣ ጫቱ ሲያዝ፣ ለታመመው ዱዓ ሲደረግለት በሽተኛው ብቻውን አይታከምም፤ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ነው። ከዚህ መካከል ቅጠሉን ብቻ ነቅሎ በፊደል ተራ መደርደር ለዕፅዋት ጥናት ይጠቅማል እንጂ ሕክምናውን አያሳይም። ደግሞስ ክርስቲያኑ ወደ ሼሁ፣ ሙስሊሙም ወደ ጠበሉ በሚሄድበት አገር ድንበሩን በየትኛው መስመር ላይ እናሰምረው?

የተቃራኒው ወገን ስሕተትም ያሳስበናል። «የነቢዩ ሕክምና» በሚል ስም የጥቁር አዝሙድ ዘይትን ለማናቸውም በሽታ የሚሸጡ፣ የስኳር በሽተኛውንም የሐኪም ቤት መድኃኒቱን እንዲተው የሚመክሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጠሯቸውን ሊቃውንት ቢያነቡ መልካም ነበር። ኢብን ሲና በ«ቃኑን» ሁለተኛ መጽሐፍ መድኃኒት የሚፈተንበትን ደንብ አውጥተዋል፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ኢብን ቀይም አል ጀውዚያም ስለ ነቢዩ ሕክምና ሲጽፉ ከሁለት ሐኪሞች ይበልጥ የሠለጠነው እንዲፈለግ ያሳስባሉ። ለዋግምት አንዱ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ከተዛወረ የጉበት በሽታ እንደሚያስተላልፍ ዛሬ የታወቀ ነው።

ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ያህል ሳይቋረጥ መድኃኒት መውሰድን ይጠይቃል። ሼሁን የሚንቅ ጤና ሠራተኛ፣ በሽተኛው በሦስተኛው ወር መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የሚመልሰው ሰው አያገኝም፤ ሼሁ «ኪኒንህን አትተው» ቢሉት ግን ይሰማቸዋል። ስለዚህ ከደጎሎና ከአካባቢው የመጡ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የቅጠል ስም ከመልቀም አልፈው፣ ማን ለየትኛው በሽታ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ምን ምግብ እንደሚከለክል፣ መቼስ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ» እንደሚል ቢጠይቁና ቢጽፉ፣ በየቤቱ ያሉትን የዐጀም ጽሑፎችም በባለቤቶቹ ፈቃድ ቢመለከቱ፣ ስትሬልሲን የጀመሩት ሥራ የጎደለውን ክፍል ያገኛል።