አንድ ቀን፣ አንድ ደሴት

በጉዞ አዘጋጅነት ገና የጀመረ የቡታጅራ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የዝዋይን ደሴቶች በአንድ ቀን ስንቱን ማዳረስ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ አልኩት። ቅር አለው። ከአዲስ አበባ ተነስተው ሦስት ደሴት አሳይተው ማታውኑ የሚመልሱ እንዳሉ ነገረኝ። አውቃቸዋለሁ፤ ከእነሱ ጋር የማልስማማውም በዚሁ ነው።

የደሴት ጉዞ የሚታቀደው ከመመለሻው ነው። ብዙው ሰው ከመነሻው ጀምሮ ወደፊት ይቆጥራል፦ መኪናው በስንት ሰዓት ይነሳል፣ ቁርስ የት ነው፣ ምሳስ? እኔ ወረቀቴ ላይ መጀመሪያ የማሰፍረው ጀልባው ተመልሶ ወደቡን የሚነካበትን ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። የዝዋይ ሐይቅ፣ ማለትም ደምበል፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 3 ሜትር አይሞላም። ጠዋት ውሃው ይተኛል። ፀሐይ የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ስታግለው፣ ከቀትር ወዲያ ነፋሱ ይነሳል። በእንዲህ ያለ ጥልቀት አልባ ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል፣ የታችኛውን ደለል ሳይቀር ያነሳዋል። በዘጠኝ ሰዓት ከደሴት ሲመለሱ እስከ ወገባቸው የራሱ እናቶችን ወደቡ ላይ አይቻለሁ። የጀልባዋን ጠርዝ የጨበጠ እጃቸው አልላቀቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ደሴቱ ምን ቢነገራቸው ይሰማሉ?

ስለዚህ የኔ ሰሌዳ ይህ ነው። ወደ ቱሉ ጉዶ ከሆነ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጀልባ ላይ መሆን፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ከደሴቱ መነሳት፣ ነፋሱ ሳይበረታ ወደብ መግባት። ቱሉ ጉዶ ከሁሉም ትልቁና ሩቁ ነው፤ በሞተር ጀልባም ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በመሃል ደብረ ሲናን ወይም ገሊላን ልጨምር ያለ ሰው የሚቀንሰው ከቱሉ ጉዶ ላይ ነው።

«ሐይቁ ዳር ባቱ ከተማ ማደር ትርፍ ወጪ ነው» ይሉኛል ተከራካሪዎቼ። ከቡታጅራ ባቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊት ተነስቶ መድረስ ይቻላል፤ እኔ ግን ሽማግሌና ሕፃን ይዤ በጨለማ መንገድ አልገባም። ከወልቂጤ ለሚመጣውማ ጥያቄም የለው፤ በመካከላችን የጉራጌ ተራራ ቆሟል። የአልጋው ሒሳብ የሚገዛልን ጠዋቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ወደቡ ላይ መገኘት ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ ቆሮሶውን ከአምባዛው ይለያሉ፤ አባ ኮዳዎቹ አጠገባቸው ቆመው አንጀትና ክንፉ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። የኔ ጀልባ ነጂ የደንገሉን ጫፍ አይቶ፣ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሽቅብ ያነሳል፤ ዝም ካለ እንሄዳለን፣ ራሱን ከነቀነቀ እንቀራለን። ከእሱ ጋር ተከራክሬ አላውቅም።

ይህ የነፋስ ነገር ዝዋይ ላይ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የጫጉላ ጊዜያቸውን ሲሼልስ ለማሳለፍ የሚያማክሩኝ ሙሽሮች አሉ። የኛ ሰርግ ጥር ላይ ነው፤ ጥር ደግሞ ማሄ ደሴት ላይ ከባዱ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ በደሴቶቹ መካከል ያለውን ባሕር ያናውጠዋል። ለጥር ሙሽራ ዛንዚባር ይሻለዋል፤ ሲሼልስን የፈለገ እስከ ሚያዝያ ይታገስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበራል፤ የቲኬቱን ዋጋ ከማነጻጸር በፊት ነፋሱን መጠየቅ ነው።

አንድ ደሴት ይበቃል የምለው ግን ለነፋሱ ብቻ ብዬ አይደለም። በጉዞ እቁብ ገንዘብ አጠራቅመው ቱሉ ጉዶን ሊያዩ የሄዱ ስልጥኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ነበሩኝ። እርከኑን እየተሻገርን ስንወጣ ከደሴቶቹ ነዋሪ ከዛይ ሕዝብ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ መረብ ሲጠግኑ አገኘን። የዛይ ቋንቋ ለስልጥኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ከነጋዴዎቹ በዕድሜ የገፉት አጠገባቸው ቁጭ አሉና ሁለቱ ሽማግሌዎች በየቋንቋቸው ከአንድ እስከ አሥር እየቆጠሩ፣ ተመሳሳዩን በሰሙ ቁጥር እጅ ለእጅ ይመታቱ ጀመር። ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ ከብት፣ ወደ ልጆች ዘለቁ። ሦስት ደሴት ልናዳርስ ብንሆን ኖሮ በዚያ ደጃፍ ሰላምታ ሰጥተን ባለፍን ነበር።

እኔም ከሥራው ያገኘሁት እንዲህ ያለውን ነው። የኔ አገር ሰው ለንግድ ይወጣል፣ ለመስቀል ይገባል፤ ለማየት ብቻ መሄድ በቤታችን ልማድ አልነበረም። ክረምት ከጉራጌ ተራራ ወርዶ ከትምህርት ቤት መንገድ ያግደን የነበረው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። ለካስ በተራራው በወልቂጤ በኩል የሚወርደው በዋቤ አድርጎ ጊቤ ይገባል፤ በኛ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ ደምበል ይደርሳል። እነዚያ ሽማግሌ መረባቸውን የሚጥሉበት ውሃ ከደጃችን የሄደ ነው። ዛሬ ሐይቁ ላይ እምቦጭ ሲታይና ውሃው ሲቀንስ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልሰማውም፤ እንግዶቼንም ባዶ ጠርሙሳቸውን ሳይቆጥሩ ከጀልባ አላስወርድም።

ቱሉ ጉዶ ላይ፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት እንደተቀመጠችበት አባቶች ይተርካሉ። የጽዮን በዓል በሚውልበት ኅዳር 21 ሐይቁ በጀልባ ይሞላል። ዘንድሮ ለመሄድ ያሰባችሁ ጀልባውን በጥቅምት ያዙ። በዓሉ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ለስንቅ ቆጮና ጎመን እንጂ አይብ አትቋጥሩ። በዋዜማው ማታ ባቱ እደሩ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ። ከጀልባ ነጂው ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊትም በስንት ሰዓት እንደሚመልሳችሁ ጠይቁት፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።