የአስናቀች ጣቶች

አስናቀች ወርቁ ስትነሳ መጀመሪያ የሚወራው መልኳ ነው። ቀጥሎ ምላሷ፤ ማን ላይ ምን ብላ እንደገጠመች። ከዚያ ድፍረቷ፤ የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ በሚጫወትበት ዘመን መድረክ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ መሆኗ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ደስ ይላል። ወሬው ሲያልቅ ግን ለሙዚቃ መሣሪያዋ የሚተርፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ክራርም ትደረድር ነበር።» እኔን የምታናድደኝ ያቺ «ም» ናት።

ምክንያቱም አስናቀች ከምንም በፊት የጣት ሰው ናት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ፒክ ጥሎ በአምስት ጣቱ ጊታር የሚመታ ልጅ ወደ ውጭ ሳያይ ሊሰማት የሚገባ ሰው ካለች እሷ ናት። ካሳ ተሰማን አልረሳሁም። የክብር ዘበኛው ካሳ በክራር ድርደራ ማንም የማይደፍረው ነው፤ ግን እሱን ስንሰማ ቢያንስ ስለ ክራሩ እናወራለን። እሷን ስንሰማ ስለ እሷ ብቻ።

አዲስ አበባ ነው የተወለደችው። በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ስትወጣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚባል ገና አልነበረም። ክራር የሚያስተምር ክፍልና መምህር ተፈልጎ የሚገኝበት ጊዜ አይደለም። ይባስ ብሎ መሣሪያው ራሱ ስሙ የጠፋ ነው፤ በገና የጸሎት፣ ክራር የጠጅ ቤት። ሴት ልጅ ክራር ይዛ መታየቷ ምን ያሰኛት እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ራሷን አስተማረች ሲባል ታዲያ ከባዶ ጀመረች ማለት አይደለም። ሲጫወቱ አይታለች፣ ሰምታለች፤ የሰማችውን ደግሞ ጣቷ እስኪያገኘው ድረስ ፈልጋለች። የሚያርማት ስላልነበረ ስህተቷም የራሷ ሆኖ ቀረ፣ አንዳንዱም ስልት ሆነ። ከዚያ በኋላ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር አለ፣ የምሽት ቤቶች አሉ፣ ሸክላና ካሴት አለ። ይህን የሕይወት ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል፤ በስተመጨረሻ ዘመኗ የተቀረጸ ጥናታዊ ፊልምም አለ። እኔ ወደ ጣቶቹ ልመለስ።

ክራር ሁለት ዓይነት አመታት አለው። አንደኛው ግርፍ ነው፦ በአንድ እጅ መምቻ ይዘው ክሮቹን ሁሉ ይገርፋሉ፣ በሌላው እጅ ጣት የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። ዘፈን ሲደምቅ፣ እስክስታ ሲመጣ የሚያምረው ይሄ ነው። ሁለተኛው ድርደራ ነው፦ መምቻ የለም፣ እያንዳንዱ ክር በራሱ ጣት ይነካል። ጊታረኞች ፊንገርስታይል የሚሉት ማለት ነው። ልዩነቱ ክራር ላይ ፍሬት አለመኖሩ ነው። አንድ ክር አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ስድስት ክር፣ አምስት ድምፅና የአንዱ ድጋሚ። ሌላ ቅኝት ስትፈልጉ ቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች ታዞራላችሁ እንጂ ጣት አታንሸራትቱም። ስለዚህ ማምለጫ የለም። በአምስት ድምፅ ሰውን ሰባት ደቂቃ ማቆየት ካቃተህ አቃተህ።

አስናቀች እንዴት እንደምታቆይ ለመስማት እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀዳውን አልበም ክፈቱ። ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያ ነው፣ ድራሙ የተማረ ሐረጉ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ በ2018 እንደገና ስላወጣው በቀላሉ ይገኛል። በመጀመሪያው ዙር ድምጿን አትስሙ፤ የከበደ ነገር እንደጠየቅሁ አውቃለሁ። ክራሩን ብቻ ተከተሉት። አጭር ምልልስ ይዞ ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከር ግን ያው ሆኖ አይመለስም፤ አንዴ አንድ ክር ይዘለላል፣ አንዴ አውራ ጣት ይዘገያል። በሁለተኛው ዙር ድምጿን ጨምሩበት። ድምጿ ሻካራ ነው፣ ግማሹ ዘፈን ግማሹ ንግግር፤ ክራሩ ላይ አይቀመጥም፣ ከኋላው ይመጣል። ስንኙ ሁለት ትርጉም ካለው ሰሙን አፏ ይናገራል፣ ወርቁን የምታስብበትን ጊዜ ጣቷ ይሰጣችኋል። ያቺን ክፍተት ነው የምወድላት። ኦርጋኑን በተመለከተ አልዋሽም፣ አንዳንድ ቦታ ክፍተቷን ይሞላባታል። ኃይሉ ጨዋ አጃቢ ነው፣ ግን ኦርጋን ዝም ማለት የማይችል መሣሪያ ነው። ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ አሥራ ስድስተኛ ቅጹን ለእሷ ብቻ ሲሰጥ «ባለክራሯ እመቤት» ብሎ መሰየሙ ደግ ነው፤ ቢያንስ ክራሩ ርዕሱ ውስጥ ገባ።

ከአሜሪካ አንድ ሰው ላምጣ፣ ለንጽጽር። ኤሊዛቤት ኮተን ግራኝ ነበረች። ለቀኝ እጅ የተቃኘ ጊታር አገኘች፣ ክሩን ሳትቀይር ገልብጣ ያዘችው። በዚህ የተነሳ ሌላው ሰው በአውራ ጣት የሚመታውን ባስ በጠቋሚ ጣት፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣት መታች። ማንም አላስተማራትም። ጊታሩን ለአሥርት ዓመታት ትታ በቤት ሠራተኝነት ስትኖር ቆይታ፣ የሲገር ቤተሰብ ጋር ተቀጥራ እንደገና አነሳችው፤ የመጀመሪያ አልበሟ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፣ ግራሚ የተሸለመችው ዘጠናዎቹ ዕድሜ ደጃፍ ላይ ነው። ዛሬ ጊታር የሚማር ሰው «የኮተን አመታት» ብሎ በስሟ ይማራል። «የአስናቀች አመታት» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የኮተን ጣት መማሪያ ሆነ፣ የእሷ ጣት ትዝታ ሆነ።

ይህ ለእኛ ለወሎዎቹ ለምን ይቆረቁረናል? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በሰፈራችን ስም ነው የሚጠሩት። ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውጫሌ ላይ አምባሰል ገብታችኋል፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ ነው። ወልድያም ሆነ መርሳ ላይ ግን ጊታር የያዘ ልጅ መምህሩ ስልኩ ነው፤ ኔት ሲዘጋ መምህሩም አብሮ ይዘጋል። ስልኩ የሚያሳየው ቼት አትኪንስን፣ ቶሚ ኢማኑኤልን ነው። እሰየው፣ እኔም አያለሁ። ችግሩ የሚመጣው ያ ልጅ «አምባሰልን በፊንገርስታይል» ብሎ ሲለቅ ነው። ዜማውን ከላይ ያስቀምጣል፣ ከታች ኮርድ ይደረድራል፣ ያምራል፣ ላይክ ይዘንባል። አምባሰል ግን የለም።

ነገሩ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ይቆጠራል። አምባሰልን ከሚ ብንጀምር ድምፆቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። ሶል የለችም። ኮርድን ማይነር ወይም ሜጀር የሚያደርገው ሦስተኛው ድምፅ ስለሆነ፣ ሚ ላይ ኮርድ የሠራ ሰው ሶልን ወይም ከፍ ያለችውን ሶል ከውጭ አስገብቷል ማለት ነው። ይህን ጆሮው የነገረው ልጅ ደግሞ ወደ ላ ማይነር ይሸሻል፤ ላ፣ ዶ፣ ሚ ሁሉም ቅኝቱ ውስጥ አሉና ምንም አይጎረብጥም። አሁን ግን ዜማው ቤቱን ለቀቀ። ሚ ላይ ማረፍ የነበረበት ዘፈን ላ ላይ የሚያርፍ፣ ሬዲዮ ላይ ሺህ ጊዜ የሰማነው የሐዘን ዘፈን ሆነ። የእኛን ቅኝት «ያዝናል» ብቻ ብለው የሚገልጹ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ይህንን ላ ማይነር ይመስለኛል። አስናቀች ኮርድ የላትም። ያላት የሚጮኹ ክፍት ክሮች ናቸው፤ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይነካል፣ ፋ ከሚ ጋር ትጋጫለች፣ ግጭቷንም ማንም አያስታርቃትም። አምባሰል የሚያሳክከው እዚያ ላይ ነው።

«ጊታር እኮ ክራር አይደለም» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ግን መቃኛ አለው፣ ይዞራል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ግማሹን ነገር ያገኙት ክሩን ከተለመደው ቅኝት በማውጣት ነው። አራተኛውን ክር ከሬ ወደ ዶ አውርዱት። ሦስተኛውን ከሶል ወደ ፋ አውርዱት። ሌሎቹን አትንኩ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ፣ ሚ ሆነ፤ አምስቱም የአምባሰል ድምፆች በክፍት ክር፣ ሚ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ልክ እንደ ክራሩ። የግራ እጃችሁን ከአንገቱ ላይ አንሱና ጭናችሁ ላይ አሳርፉት። አልበሙን ክፈቱ፣ በቀኝ እጅ ብቻ ተከተሏት። የእሷ ክራር በእናንተ ድምፅ ልክ ላይሆን ስለሚችል ካፖ አስጠጉ። መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ፍጥነቱ አይሆንም፣ አውራ ጣቷ የምትዘገይበት ቦታ ነው።